መርዝ ለጠጣ ሰው፦ አናስመልስ፣ ቶሎ እናድርስ

የጤና ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን መርዝ ስለጠጣ ወይም መድኃኒት ከልክ በላይ ስለወሰደ ሰው ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል ደግማችሁ አንብቡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ንገሩት። ይህ ትምህርት ፊደል ብቻ አይደለም፤ የሰው ነፍስ አለበት።

መርዝ የት አለ?

ድሮ በሉማሜ አካባቢ መርዝ ሲባል የሚታወቀው የእባብ መርዝና የአንዳንድ ቅጠል መርዝ ነበር። በየአጥሩና በየጉድፉ የሚበቅለው አስተናግር፣ አጠፋሪስም የሚሉት፣ ከዚያ ወገን ነው። ዛሬ ግን መርዝ ቤታችን ውስጥ ገብቷል። ለጤፉና ለስንዴው አረም የምንረጨው ቱ ፎር ዲ አለ። ለተባይ የሚረጨው ማላታይን አለ። ጎተራ ውስጥ የሚገባው የነቀዝ ክኒን አለ። ለኩራዝ የምንገዛው ነጭ ጋዝ አለ። ልብስ የምናጥብበት በረኪና አለ። ከጤና ጣቢያ የመጣ ክኒንም ከታዘዘው በላይ ከተዋጠ መርዝ ይሆናል።

በአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች፣ መርዝ ወስደው ከሚመጡት ሰዎች ዘንድ ተደጋግመው የሚገኙት የተባይ መድኃኒትና በረኪና ናቸው። ሁለቱም ከገበያ የሚገዙ ናቸው። ሁለቱም ከልጅ እጅ ሊደርሱ ይችላሉ።

የቆየው ልማዳችን

እንበልና አንድ ልጅ ከሜዳ ውሃ ጠምቶት መጣ። ጥግ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ አየ። ውሃ መስሎት ተጎነጨ። ውስጡ ያለው ግን ነጭ ጋዝ ነው። እናቱ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ጣት አስገቡና አስመልሱት!» ይላል። ሌላው «ወተት ጋቱት!» ይላል። ሦስተኛው «የሳሙና ውሃ! የጨው ውሃ!» ይላል። አሮጊቷ ደግሞ «ተልባ በጥብጡለት» ይላሉ።

ሁሉም የሚናገረው ከደግነት ነው። ማንም ልጁን ሊጎዳ አይፈልግም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ደግነት ብቻ አይበቃም፤ እውቀት ያስፈልጋል። ልጁን ጋዙ ብቻውን ከሚጎዳው ይልቅ ማስመለሱ የባሰ ሊጎዳው ይችላል። እንዴት? እንመልከት።

ኮሶና መርዝ አንድ አይደሉም

«ሆድን ባዶ ማድረግ መድኃኒት ነው» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? አንደኛው ምንጩ ኮሶ ነው። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ሆዳቸውን ያጥቡ ነበር። ኮሶ የሆድ ትልን ያስወጣል። ይህ እውነት ነው። ትሉ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ስለዚህ አንጀቱ ሲታጠብ ይወጣል።

መርዝ ግን እንደ ትል ሆድ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቀንም። ከጨጓራ ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ወደ ደም ይሄዳል። በታረሰ መሬት ላይ የፈሰሰን ውሃ አስቡ። ወዲያው ካልደረሳችሁበት መልሳችሁ አትቀዱትም፤ መሬቱ ጠጥቶታል። መርዝም እንዲሁ ነው። ደም ውስጥ የገባውን መርዝ ማስመለስ አያወጣውም።

ኮሶም ራሱ ሲበዛ ሰውን እንደሚጎዳ አባቶች ያውቃሉ። መርዝ ለጠጣ ሰው ኮሶ መስጠት በመርዝ ላይ መርዝ መጨመር ነው።

ማስመለስ ለምን ይጎዳል?

አንደኛ፦ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና ናፍጣ ቀጭን ፈሳሾች ናቸው። ሰውዬው ሲያስመልስ ጋዙ ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ይገባል። ጋዝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሳንባ ይቆጣል፤ መተንፈስ ያቅታል። ሆድ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ያነሰ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፦ በረኪናና የባትሪ አሲድ የነኩትን ያቃጥላሉ። ሲወርዱ ጉሮሮን አቃጥለዋል። ሲያስመልስ ተመልሰው ሲወጡ ደግመው ያቃጥላሉ። አንድ ጊዜ የቆሰለውን ሁለት ጊዜ ማቁሰል ነው።

ሦስተኛ፦ ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀላፋ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ጉሮሮውን አይቆጣጠርም። ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባና ይታፈናል። የሚጋቱት ወተትም፣ ውሃም፣ ተልባም እንዲሁ ያፍነዋል። አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ሰውን በድንገት ያስተዋል። ሲያስመልሱት ነቅቶ የነበረው በመካከል ራሱን ሊስት ይችላል።

አራተኛ፦ ለማስመለስ የሚሰጠው ነገር ራሱ ይጎዳል። ብዙ የጨው ውሃ የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ጨው በዝቶ፣ አንጎሉ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። በተለይ ልጅ። ወተት፣ ቅቤና ዘይትም ማርከሻ አይደሉም። ስብ ያለበት ነገር አንዳንዱን የተባይ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳዋል።

አምስተኛ፦ ጊዜ ይበላል። ተልባ ሲበጠበጥ፣ ወተት ሲፈለግ፣ ሰው ሲከራከር ግማሽ ሰዓት ያልፋል። በዚያ ግማሽ ሰዓት በሽተኛው መንገዱን ይጀምር ነበር።

ሐኪሞችም ሐሳባቸውን ለውጠዋል

«ድሮ ሐኪሞችም ያስመልሱ አልነበረም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎን፣ ያስመልሱ ነበር። በውጭ አገር አይፔካክ የሚባል የሚያስመልስ ሽሮፕ ነበር። የሚሠራው በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅል ተክል ሥር ነው። በአሜሪካ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ሽሮፕ ገዝቶ እንዲያስቀምጥ ይመከር ነበር።

በኋላ ግን ባለሙያዎች መረመሩ። ሰውዬው ሲያስመልስ ከሆዱ የሚወጣው መርዝ አንዳንዴ ትንሽ፣ አንዳንዴ ብዙ ሆኖ አገኙት፤ አይታመንም። ጊዜው በዘገየ ቁጥር ደግሞ የሚወጣው ያንሳል። ያስመለሰ ሰው ካላስመለሰው የተሻለ እንደዳነ የሚያሳይ ማስረጃ ጠፋ። ስለዚህ በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበራት «ይህ ሽሮፕ እንደ ልማድ አይሰጥ» ብለው በጋራ ጻፉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ «ቤት ውስጥ አይቀመጥ፤ ያለውም ይወገድ» አለ።

እንግዲህ ተመልከቱ። የተማረው ሐኪም እንኳ ልማዱ እንደማይጠቅም ሲያውቅ ተወው። እኛስ ለምን አንተወውም?

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እናያለን ወይ?

የለም! ብዙ ሥራ አለ። በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

1. ራሳችሁን ጠብቁ። በባዶ እጅ መርዙንም ትውከቱንም አትንኩ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ቤቱ ውስጥ የመድኃኒት ሽታ ካለ በርና መስኮት ክፈቱ፤ በሽተኛውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት።

2. ትንፋሹን እዩ። ይተነፍሳል ወይ? አፉ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ከአፉ ጥርጉለት። ጣታችሁን ግን ወደ ጉሮሮው አትስደዱ። በግራ ጎኑ አስተኙት። ጭንቅላቱ በጣም ከፍ አይበል። በጀርባው አታስተኙት። ራሱ ቢያስመልስ ፊቱን ወደ መሬት አዘንብሉት፤ ትውከቱ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

3. ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን እጠቡ። የተባይ መድኃኒት በቆዳም ይገባል። የነካውን ልብስ ሁሉ አውልቁለት። ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡት።

4. በአፉ ምንም አትስጡ። ወተት አይሆንም። ውሃ አይሆንም። ጠላና አረቄ ፈጽሞ አይሆንም። ነቅቶ ከሆነና አፉ ከተቃጠለ ተጉመጥሙጦ ይትፋ፤ አይዋጥ።

5. የጠጣውን ነገር ዕቃ ያዙ። ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ የክኒኑን ልጣጭ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የበላው ቅጠል ወይም ፍሬ ከሆነም ቆርጣችሁ ያዙ። ሐኪሙ መርዙን ካወቀ ማርከሻውን ቶሎ ያገኛል።

6. በወረቀት ጻፉ። ምን ጠጣ? በስንት ሰዓት? ምን ያህል? ዕድሜው ስንት ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ታየበት? አሁን መጻፍ ችላችኋል። ይህች ቁራጭ ወረቀት ሆስፒታል ስትደርስ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

7. ቶሎ ሂዱ። በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ። የወረዳውን አምቡላንስ አስደውሉ። አምቡላንስ እስኪመጣ ግን ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። በቃሬዛም፣ በባጃጅም፣ በጭነት መኪናም ቢሆን ወደ መንገዱ ውጡ። ለሉማሜ አካባቢ ሰው ሉማሜ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያም በዋናው መንገድ ደብረ ማርቆስ ይኬዳል። በእነማይ ያላችሁ ወደ ቢቸና፣ በሁለት እጁ እነሴ ያላችሁ ወደ ሞጣ ትሄዳላችሁ። መንገዱ ባይመች እንኳ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ አድርሱት። በመንገድ ላይም በጎኑ እንደተኛ ይሂድ፤ አንድ ሰው ትንፋሹን ይጠብቅ።

ሆስፒታል ምን ይደረጋል?

አንዳንድ ቤተሰብ «ሆዱን እጠቡልን!» እያለ ሐኪሙን ያስጨንቃል። ሐኪሙ ሳያጥብ ሲቀር «ችላ አሉት» ይላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

የሆድ እጥበት ማለት በአፍ ወይም በአፍንጫ በኩል ቱቦ ወደ ጨጓራ አስገብቶ፣ ፈሳሽ እየጨመሩ መልሶ ማውጣት ነው። ለጥቂት በሽተኞች ብቻ ይደረጋል። መርዙ አደገኛ ሲሆን፣ ከተጠጣም ገና 1 ሰዓት ያህል ሳያልፍ ሲቀር ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በመጀመሪያ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ጋዝና በረኪና ለጠጣ ሰው እጥበት አይደረግም። ምክንያቱን ከላይ አንብባችኋል።

ለአንዳንዱ መርዝ የከሰል መድኃኒት ይሰጣል። ይህ የምድጃ ከሰል አይደለም! በልዩ ሙቀት ተዘጋጅቶ በጣም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ጥቁር ዱቄት ነው። መርዙን በሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ይሁንና ሁሉን አይዝም። ለምሳሌ እርጉዝ እናት ለደም ማነስ የምትውጠውን የብረት ክኒን አይዝም። ልጆች ይህን ክኒን ከረሜላ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እናቶች፣ ክኒኑን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ለአንዳንድ የተባይ መድኃኒት ማርከሻ አለው። እንደ ማላታይን ያለውን የጠጣ ሰው ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ያልበዋል፤ እንባው ይፈስሳል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፤ ሥጋው ይርገበገባል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ አትሮፒን የሚባል መርፌ ይሰጣል። የሚያስገርመው፣ ይህ አትሮፒን በአስተናግር ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው! አስተናግር የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ይቃዣል። ተቃራኒ ናቸው። ነገር ግን «አስተናግር ለመርዝ ማርከሻ ነው» ብሎ ቅጠሉን የሚሰጥ ሰው ገዳይ ይሆናል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም። ባለሙያው ግን እየለካ፣ በሽተኛውን እያየ ይሰጣል። መድኃኒትንና መርዝን የሚለያቸው ልክ ነው።

ሌላም አለ። ፓራሲታሞልን ከልክ በላይ የዋጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና ይመስላል። ጉበቱ የሚጎዳው በኋላ ነው። ማርከሻው በደንብ የሚሠራው ክኒኑ ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ «ምንም አልሆነ፤ ነገ እናየዋለን» አትበሉ። ሐኪሙ «ይደር፣ እናየው» ካለም ይዛችሁት አትውጡ።

ስለ ነቀዝ ክኒን ለብቻው

የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ይህን ለወሰደ ሰው ውሃ መጋት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። የተረፈውን ክኒን በእርጥብ እጅ አትንኩ። ፊታችሁን ወደ በሽተኛው አፍ አታስጠጉ። መኪና ውስጥ መስኮት ክፈቱ። ለባለሙያው በመጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «የነቀዝ ክኒን ነው» የሚል ይሁን።

ክኒኑ የገባበት እህል ባለበት ቤት ማንም አይተኛ፤ ልጅም፣ እንግዳም። ክኒኑ ባይበላም ጋዙ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይጎዳል።

ሆን ብሎ ለጠጣ ሰው

ይህን መናገር ከባድ ነው፤ ግን መነገር አለበት። አንዳንድ ሰው በስሕተት ሳይሆን በጭንቀት መርዝ ይጠጣል። በቤት ጠብ፣ በዕዳ፣ ያለ ፈቃድ በሚደረግ ጋብቻ፣ በፈተና መውደቅ ልቡ ይሰበራል። ቤተሰብ ያፍርና ይደብቃል። «ሰው ምን ይላል?» እያለ ሰዓቱን ያሳልፋል።

እባካችሁ አትደብቁ። ለባለሙያው እውነቱን ንገሩት። እውነቱን ካላወቀ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ጊዜ ያልቃል። በሽተኛውን አትስደቡ፤ አትቆጡ። ብቻውን አትተዉት። ሲድንም «ለምን አዋረድከን?» አትበሉት፤ «ምን ሆነህ ነው? ንገረን» በሉት። ጭንቀት እንደ ወባ ሁሉ ሕክምና አለው፤ ከጤና ባለሙያ ጋር አገናኙት። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል እንዲህ ያለ ሐሳብ የያዘው ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ለሚያምነው አንድ ሰው ይንገር።

የከፋው ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሰዓት መርዝ በእጅ አለመኖሩ ብዙ ነፍስ ያድናል። ስሪ ላንካ የገበሬ አገር ናት። በጣም አደገኛ የሆኑትን የተባይ መድኃኒቶች በተራ በተራ ከገበያ አገደች። ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ድርሻ በ70 ከመቶ ያህል ቀነሰ። እኛም ቤታችን ያለውን መርዝ ብንቆልፍ፣ ለአንድ ክረምት ከሚበቃን በላይም ባንገዛ ይበጀናል።

ሳይቃጠል በቅጠል

መርዝን ከማከም መከላከል ይቀላል። የሚከተሉትን ያዙ።

መድኃኒትንና ጋዝን በሃይላንድ፣ በለስላሳና በአረቄ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው፤ ውስጡን አያውቅም።

በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ በሳጥን ይቆለፍ። ከአልጋ ሥር፣ ከሞሰብ አጠገብ፣ ከጎታ ላይ አይቀመጥ።

ባዶውን ጣሳ ለውሃ፣ ለጠላና ለዘይት አትጠቀሙበት። ብታጥቡትም አይጠራም።

የተባይ መድኃኒት ለራስ ቅማልና ለአልጋ ትኋን አይቀባም። በመድኃኒት የታሸ ዘር ቢራብም አይፈጭም።

ስትረጩ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ። ጨርሳችሁ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

በስፍር የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት አትግዙ። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ያልተመዘገበ የተባይ መድኃኒት ለገበያ መቅረብ የለበትም። ስትገዙ ዕቃውን አገላብጣችሁ አንብቡ። የራስ ቅል ሥዕል ካለው መርዝ ነው። በብዙው ዕቃ ግርጌ የቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቢጫ ይከተላል፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴም ቢሆን የሚጠጣ አይደለም።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ለእኛ ጭረት ብቻ ነበር። ዛሬ ይናገራል። ያነበበ ሰው ቤቱን ይጠብቃል።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልስ ጻፉ።

1. ነጭ ጋዝ የጠጣን ልጅ ማስመለስ ለምን ይጎዳዋል?
2. ኮሶ ትልን ያስወጣል። መርዝን ማስመለስ ለምን እንደዚያ አይሠራም?
3. ራሱን የሳተ ሰው እንዴት ይተኛል?
4. ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ምን ምን ትይዛላችሁ?
5. የነቀዝ ክኒን ለወሰደ ሰው ውሃ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

ለ. የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክና የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ጠይቃችሁ በትልቁ ጻፉ። ወረቀቱን በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ሐ. ዛሬ ማታ ቤታችሁን ፈትሹ። ስንት የመድኃኒት ዕቃ አገኛችሁ? የእያንዳንዱን ስም ከዕቃው ላይ እያነበባችሁ ጻፉ። ስም የሌለውን ጠርሙስ ለዩ፤ ከልጆች አርቃችሁ ቆልፉበት፤ ለግብርና ባለሙያው አሳዩት።

መ. ይህችን አጭር ቃል አሥር ጊዜ ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም አስጠኑ፦ አናስመልስ፣ ቶሎ እናድርስ።